«ምን ላንብብ?» ለሚላችሁ ሰው አዲስ ልብ ወለድና የልጆች መጽሐፍ እንዴት ትጠቁማላችሁ?

ጎንደር ውስጥ መጽሐፍ የምታነቡ መሆናችሁ ከታወቀ ጥያቄው አይቀርላችሁም። ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የሚማረው ልጅ ይጠይቃችኋል። አዘዞ ያለችው እናት ለልጇ ትጠይቃችኋለች። ፒያሳ ቡና ስትጠጡ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰውም «እስቲ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ጠቁሙኝ» ይላል። አብዛኞቻችን ሳናስብ ነው የምንመልሰው። ሰሞኑን ያነበብነውን ወይም ስሙ የገነነውን እንጠራለን። ሰውየው ይገዛል፣ ሃያ ገጽ ያነባል፣ ይተወዋል። ከዚያ «እኔ ማንበብ አይሆንልኝም» ይላል። ይኼ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሰውየው ማንበብ ስለማይወድ አይደለም። ለእሱ የሚሆነውን መጽሐፍ የሰጠው ሰው ስላልነበረ ነው።

አዲስ መጽሐፍ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። የቆየውን ሁሉም ያውቀዋል፣ አባትም አስተማሪም ይጠቁመዋል። አዲሱን ግን ገና ማንም አላነበበውም። አብዛኛው መጽሐፍ የሚታተመው አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ እስኪደርስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መጽሐፉም ይዘገያል። ስለዚህ እዚህ ከተማ አዲስ መጽሐፍ አንባቢ ዘንድ የሚደርሰው ከሰው ወደ ሰው በሚነገር ቃል ነው። ያንን ቃል የምትናገሩት እናንተ ናችሁ፤ መምህርም ሁኑ መጽሐፍ አዟሪ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም ሁኑ አክስት። ከዚህ በታች ያለው እኔ የምሠራበት አካሄድ ነው።

1. ያላነበባችሁትን አትጠቁሙ

ይህ ሕግ ነው። «ጥሩ ነው ይላሉ» ብሎ መጠቆም ጥቆማ አይባልም፣ ወሬ ማቀበል ነው። ግን አዲስ የወጣውን ሁሉ ማንበብ አይቻልም፤ ጊዜውም ገንዘቡም አይበቃም። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ገጾች በጥሞና አነባለሁ። ከዚያ መሐል ላይ ሁለት ቦታ ገልጬ አሥር አሥር ገጽ አነባለሁ። ብዙ መጽሐፍ መጀመሪያው ያምራል፤ ደራሲው ደጋግሞ የሠራው እሱን ነውና። የመጽሐፉ አቅም የሚታወቀው መሐሉ ላይ ነው። መሐሉ ከያዘኝ እጨርሰዋለሁ። ካልያዘኝ እተወዋለሁ፤ ለሰውም አልጠቁመውም። ሳልጨርሰው ልጠቁመው ብፈልግ እንኳ «ግማሹን ነው ያነበብኩት» ብዬ እናገራለሁ።

እያነበባችሁ ትንሽ ደብተር ያዙ። የገጹን ብዛት ጻፉ። ታሪኩ የት አገርና በየትኛው ዘመን እንደሆነ ጻፉ። ይሮጣል ወይስ ቀስ ይላል? ቋንቋው ቀላል ነው ወይስ ምሳሌያዊ አነጋገር የበዛበት? ከባድ ነገር ካለበት፣ ማለትም የልጅ ሞት፣ ጦርነት፣ መደፈር፣ ግልጽ የወሲብ ትዕይንት፣ ገጹን ጭምር መዝግቡ። መጨረሻ ላይ የምታውቁትን አንድ ሰው ስም ጻፉ፦ «ይህ ለእከሌ ይሆናል»። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። መጽሐፉን ጨርሳችሁ አንድም ሰው ካልመጣላችሁ ለጊዜው ዝም በሉ። አንባቢው ኋላ ይመጣል።

ታሪካዊ ልብ ወለድ ላይ ለብቻው ልናገር፤ ጎንደር ነንና። እዚህ ያለ አንባቢ ቤተ መንግሥቱን በየቀኑ እያየ ነው የሚውለው። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሠው ደረስጌ ማርያም መሆኑን ከአባቱ ሰምቶ ነው ያደገው። ደራሲው ጎንደር ግንብ ውስጥ ካነገሠው መጽሐፉን እዚያው ገጽ ላይ ይዘጋዋል። ደራሲ ታሪክን የመለወጥ ነፃነት አለው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ብዙዎቹ ደራሲያን ምን እንደለወጡ በመቅድሙ ወይም በመጨረሻው ገጽ ይናገራሉ። እሱን ፈልጋችሁ አንብቡና ለአንባቢው ቀድማችሁ ንገሩት፦ «እዚህ ቦታ ደራሲው ሆን ብሎ ቀይሮታል።» ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ መጽሐፍ ያድናል።

2. አዲስ መሆኑን አረጋግጡ

ይህ አጭር ነው። ሽፋኑን አትመኑ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገልጣችሁ ዓመተ ምሕረቱንና ዕትሙን እዩ። «1ኛ ዕትም» ካለና ዓመቱ የቅርብ ከሆነ አዲስ ነው። ሽፋኑ ተቀይሮ በድጋሚ የታተመ የቆየ መጽሐፍም ብዙ አለ። መጥፎ አይደለም፤ ግን «አዲስ ነው» ብላችሁ አትስጡ። የጀርባው አስተያየትም ብዙ ጊዜ የደራሲው ወዳጆች የጻፉት ምስጋና ስለሆነ በእሱ አትወስኑ። አዲስ መጽሐፍ በብዛት የሚወጣው በዓል አካባቢ ነው፦ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ። የደራሲያኑን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ከተከታተላችሁ ምረቃውን ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ከዚያ መጽሐፍ ሻጩን «ይህ ሲመጣ አንድ አስቀርልኝ» በሉት። ጠያቂ እንዳለ ካወቀ ያስመጣል።

3. ሰውየውን ጠይቁ

እዚህ ጋ ጊዜ ስጡ። ጥሩ ጠቋሚ የሚለየው እዚህ ነው።

«ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ማንኛውንም» ነው፤ ማንኛውንም የሚወድ ሰው ደግሞ የለም። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ። ጀምረህ የተውከው መጽሐፍ የቱ ነው፣ ለምን ተውከው? ሰዎች የወደዱትን ሲናገሩ ይጠነቀቃሉ፤ የሰለቻቸውን ሲናገሩ ግን እውነቱን ነው የሚያወጡት። «ገለጻው በዛብኝ» ካለ ፈጠን ያለ ታሪክ ይፈልጋል። «ስሙ በዛብኝ፣ ማን ማን እንደሆነ ጠፋኝ» ካለ ገጸ ባሕርያቱ ጥቂት የሆኑ መጽሐፍ ስጡት።

ቀጥሎ መቼ እንደሚያነብ ጠይቁ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እየጠበቀ የሚያነብ ሰው በየአምስት ደቂቃው ይቋረጣል። ለእሱ አጫጭር ልብ ወለድ ይሻለዋል። ማታ ተኝቶ የሚያነብ ሰው ረጅሙን ይችላል። በዕድሜ ገፋ ያሉ ከሆነ ደግሞ ስለ ዓይናቸው በአክብሮት ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ ፊደሉ እንዲህ ቢሆን ያዩታል?» ብላችሁ ገልጣችሁ አሳዩዋቸው። ደቃቅ ፊደል ብዙ ጥሩ አንባቢ አርቆብናል፤ እነሱ ግን «ዓይኔ ደክሞ ነው» ብለው ለመናገር ያፍራሉ።

ከዚያ የወደደውን መጽሐፍ ጠይቁ። ብዙ ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይላችኋል። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ አገር ያነበበው መጽሐፍ ነውና አይገርምም። እዚህ ጋ «እሺ፣ እንደሱ ያለ የፍቅር ታሪክ ልስጥህ» ብላችሁ አትቸኩሉ። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የትኛው ክፍል ነው ትዝ የሚልህ?»

መልሱ ሰውየውን ይነግራችኋል። በዛብህና ሰብለ ወንጌልን ካነሳ፣ አዎ፣ የሚፈልገው የማይሆን ፍቅር ነው። ጉዱ ካሣን ካነሳ ግን የሚፈልገው ክርክር ነው፤ ማኅበረሰቡን ፊት ለፊት የሚሞግት ሰው ያለበት መጽሐፍ ስጡት፣ ፍቅር ባይኖርበትም ግድ የለውም። ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬዎቹ ጋር የተጣሉበትን ክፍል እየሳቀ ከነገራችሁ ሥልጣን ላይ የሚያላግጥ፣ የሚያስቅ ታሪክ ፈልጉለት። የበዛብህን ወላጆች፣ የስለቱን ነገርና የገጠሩን ኑሮ ካነሳ የቤተሰብ ታሪክ፣ ቀስ ያለ፣ የአገር ቤት ሽታ ያለበት ይስማማዋል። አንድ መጽሐፍ አራት ዓይነት አንባቢ አለው። አራቱንም ወደ አንድ አዲስ መጽሐፍ ከላካችኋቸው ሦስቱ ያዝኑባችኋል።

«ኦሮማይ» የሚል አንባቢም ላይ ይኸው ይሠራል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ መጽሐፍ ጋዜጠኛ፣ ጦርነት፣ ፖለቲካና ፍቅር አንድ ላይ አሉበት። አንዱ ለአስመራ ሌሊቶች፣ ሌላው ለመንግሥት ምስጢር ነው የሚያነበው። የትኛው እንደሆነ እስክታውቁ አትጠቁሙ።

ጭራሽ መጽሐፍ አንብቦ የማያውቅ ሰው ሲመጣስ? ስለሚያየው ፊልምና ተከታታይ ድራማ ጠይቁት። ታሪክ የማይወድ ሰው የለም፤ የሚወደውን ታሪክ በምን መልክ እንደሚቀበል ብቻ ነው የሚለያየው።

4. ሁለት ብቻ አቅርቡ

አምስት መጽሐፍ የዘረዘራችሁለት ሰው አንዱንም አያነብም። ሁለት ስጡት፣ ቢበዛ ሦስት። አንደኛው ከወደደው ጋር የሚቀራረብ ይሁን። ሁለተኛው አንድ እርምጃ ራቅ ያለ ይሁን፤ ለምሳሌ ርእሰ ጉዳዩ አንድ ሆኖ አጻጻፉ የተለየ። ብዙዎች የሚመርጡት የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ግን አይረሱትም፤ ከወር በኋላ መጥተው «ያ ያልከኝ ሌላኛውስ?» ይላሉ።

ለጀማሪ የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል ስጡ። አንዱን ታሪክ በአንድ ቁጭታ ይጨርሳል። «ጨረስኩ» ማለት ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ባለ 400 ገጹን አሁን አትስጡት፤ ምንም ያህል ብትወዱት።

ስለ ቋንቋም አስቡ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከየአካባቢው የመጡ፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ተማሪዎች አሉ። ለእነሱ ንግግር የበዛበት፣ የዛሬ ከተማ ኑሮን የሚያወራ መጽሐፍ ጥሩ መግቢያ ነው። ቅኔና ሰምና ወርቅ የበዛበትን ቀስ ብለው ይደርሱበታል።

5. በአጭሩ ንገሩ፣ ከዚያ አንብቡለት

መጽሐፉን ስትገልጹ ሦስት ነገር ይበቃል። ሰውየው ማን ነው? ምን ይፈልጋል? ምን ይከለክለዋል? ለምሳሌ፦ «አንዲት ነርስ ናት። አባቷን ፍለጋ ወደማታውቀው ከተማ ትሄዳለች። የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ግን አይናገሩም።» በቃ። ከዚያ ለምን እሱን እንዳሰባችሁ ጨምሩ፦ «አንተ ምስጢር ያለበት ትወዳለህ ብዬ ነው።» ሰው ለእሱ ተብሎ የተመረጠ መሆኑን ሲያውቅ በሌላ ዓይን ያነበዋል። መጨረሻውን አትናገሩ። «መጨረሻው ያስደነግጣል» ማለትም መናገር ነው፤ አንባቢው ድንጋጤውን ሲጠብቅ ይጨርሰዋል።

ከዚያ አንድ ገጽ አንብቡለት። ጮክ ብላችሁ። ብዙዎች ያፍራሉ፤ እናንተ አትፈሩ። እኛ አገር ልብ ወለድ ከሰው ጆሮ የገባው በድምፅ ጭምር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ በዛብህን አውቀውታል። ዛሬም ትረካ በሬዲዮና በዩቲዩብ ብዙ አድማጭ አለው። አንባቢው አንድ ገጽ ሲሰማ ቋንቋው ይስማማው እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። የመጀመሪያውን ገጽ ሳይሆን እናንተ የወደዳችሁትን ገጽ አንብቡ፤ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበት ቦታ ጥሩ ነው።

ከባድ ነገር ካለበት ሳትደብቁ ተናገሩ። ሰሞኑን ሐዘን የደረሰበት ሰው ልጅ የሚሞትበት መጽሐፍ ሳያውቅ ሊገባበት አይገባም። ለትልልቆች እንዲህ በሉ፦ «እትዬ፣ መሐሉ ላይ ከባድ ሐዘን አለበት። አሁን ይሻለዎታል ወይስ ሌላ ልፈልግልዎ?» አንዳንዷ «እሱን ነው የምፈልገው፣ ላልቅስበት» ትላለች። ምርጫው የእሷ ነው፤ የእናንተ ድርሻ ማሳወቅ ነው።

6. የልጆች መጽሐፍ ሲሆን

ለልጅ ስትጠቁሙ አንባቢዎቹ ሁለት ናቸው፦ ልጁና የሚያነብለት ሰው። እናትየው ወይም አያትየው ያልወደደው መጽሐፍ ከመደርደሪያ አይወርድም። ስለዚህ ሁለቱንም ጠይቁ። ልጁን ቀጥታ ጠይቁት፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ በስሙ። «ስንተኛ ክፍል ነህ?» የሚለውን ተዉት፤ ፈተና ይመስለዋል። «ምን ያስቅሃል? ምን ያስፈራሃል? የምትወደው እንስሳ የቱ ነው?» በሉት።

ዕድሜውን እንደ መነሻ ያዙት እንጂ እንደ ደንብ አትያዙት። ገና ሦስት ዓመት ላልሞላው ሥዕሉ ትልቅ የሆነ፣ ወረቀቱ ጠንከር ያለ፣ ጽሑፉ ጥቂት የሆነ ይበቃዋል። የሚነበብለት ልጅ፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያለው፣ የሚደጋገም ሐረግ ይወዳል። በሦስተኛው ገጽ ላይ አብሯችሁ መጮህ ከጀመረ መጽሐፉ ተሳክቶለታል። «ተረት ተረት» ስትሉት «የላም በረት» የሚል ልጅ መጽሐፉ ውስጥም መልስ የሚሰጥበት ቦታ ይፈልጋል።

ራሱ ማንበብ የጀመረ ልጅ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባት ቤት፣ 231 ምልክት ለይቶ ገና ቃል መገጣጠም ላይ ነው። መጽሐፉን ገልጣችሁ እነዚህን እዩ። ፊደሉ ትልቅ ነው? በቃላቱ መካከል ክፍተት አለ? አንዱ ገጽ ላይ ከሦስት ከአራት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበልጣል? ቃል መስመር ጫፍ ላይ ተሰብሮ ወደ ታች ይወርዳል? የፊደል ስህተት አለበት? የመጨረሻው ያናድደኛል። ለልጅ የተጻፈ መጽሐፍ ላይ የፊደል ስህተት ካየሁ ታሪኩ ቢያምርም አልጠቁመውም፤ ልጁ ያየውን ነው የሚማረው።

ልኩን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ልጁ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ያልገባውን ቃል ባገኘ ቁጥር አንድ ጣት ያንሳ። ገጹ ሳያልቅ አምስት ጣት ካነሳ ለአሁን ይከብደዋል፤ አብራችሁ አንብቡት እንጂ ለብቻው አትስጡት። አንድም ጣት ካላነሳ ደግሞ ቀሎታል። ቀለለው ብላችሁ አትንጠቁት! ቀላል መጽሐፍ ደጋግሞ ማንበብ ልጅን ፈጣን አንባቢ ያደርገዋል።

ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጠፋብን ነው። የሕፃን ተረት አሳፍሮታል፣ የአዋቂ ልብ ወለድ ከብዶታል። ለዚህ ዕድሜ በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አዲስ ሲወጣ ቶሎ ብላችሁ አንብቡት። ጀብዱ፣ ምስጢር ፈልፋይ ልጆች፣ ሳይንስ፣ ቀልድ። ቀልድ ለሚወድ ልጅ የፎገራው የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታዎች ጥሩ መሸጋገሪያ ናቸው። ግን ሁሉም ለልጅ አይሆኑምና ቀድማችሁ ምረጡ። ልጃገረድ ዋና የሆነችበትን ታሪክ ለወንዶቹም ስጡ። «ይህ የሴት መጽሐፍ ነው» የሚለውን አነጋገር ልጆቹ ከእኛ ካልሰሙት አያውቁትም።

ወላጆች የሚያነሱት ትልቅ ጥያቄ አለ፦ «በእንግሊዝኛ አይሻልም?» ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ ስለሚፈትን ጭንቀታቸው ይገባኛል። የእኔ አቋም ግን ግልጽ ነው። ልጅ ታሪክን የሚወደው በሚስቅበትና በሚያለቅስበት ቋንቋ ነው። አንዴ ከወደደ በሌላውም ያነባል። ወላጁ ካልተስማማ በሁለት ቋንቋ የተጻፉትን ጠቁሙ። «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» የሚባሉት የአገራችንን ቋንቋና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ያደረጉ ናቸው፤ አማርኛና እንግሊዝኛም አለ። ስልክ ላይ ደግሞ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና «ስቶሪዊቨር» የአማርኛ የልጆች ታሪኮችን በነፃ ያቀርባሉ። ብዙዎቹ ለክፍል ማተምና ማባዛት የሚፈቀድባቸው ናቸው። ከመጠቆማችሁ በፊት ግን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። አንዳንዱ ትርጉም አፍ ላይ ይሰናከላል፤ እሱን ዝለሉት። ኔትወርክ ሲኖር አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ ሲጠፋ ይጠቅማችኋል።

አንድ ከባድ ነገር። አካባቢያችን ባለፉት ዓመታት የተኩስ ድምፅ የሰማ፣ ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ አለው። ለእንዲህ ያለ ልጅ መጽሐፍ ስትመርጡ አትቸኩሉ። ጦርነት ያለበትን ታሪክ «ይረዳዋል» ብላችሁ እጁ ላይ አታስቀምጡ። መጀመሪያ የሚያስቀውን፣ መጨረሻው ደኅና የሆነውን ስጡት። ስለ ፍርሃት የሚያወራ መጽሐፍ ካለ ትልቅ ሰው አብሮት ያንብበው። ጥያቄ ከጠየቀ መጽሐፉን ዘግታችሁ መልሱለት። የዚያን ቀን ንባቡ እዚያ ላይ ቢቆም ምንም አይደለም።

ለሚያነብለት ሰውም አንድ ምክር ጨምሩ። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ሲተርቱ ድምፃቸውም ፊታቸውም ይለዋወጥ ነበር፤ ትውልድ ያስታወሳቸው ለዚህ ነው። እናትየው እንደ እሳቸው መሆን የለባትም። አንበሳው ሲናገር ድምፅዋን ወፈር፣ አይጧ ስትናገር ቀጠን ብታደርግ ይበቃል። ማንበብ የማይችሉ አያት ካሉም ቃላት የሌሉበት የሥዕል መጽሐፍ ጠቁሙ። እሳቸው ሥዕሉን እያዩ የራሳቸውን ተረት ይናገራሉ፣ ልጁም ያዳምጣል።

7. የት እንደሚያገኘው ንገሩት

ያልተገኘ መጽሐፍ ጥቆማ አይደለም። የወረቀት ዋጋ ከናረ ወዲህ አዲስ መጽሐፍ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ሆኗል፤ «ግዛ» ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ያሉትን መጽሐፍ ሻጮችና አዟሪዎች ጠይቁ። የሚያከራይ ካለ ማስያዣ ከፍሎ ማንበብ ይቻላል። ለሦስት ለአራት ሆኖ አንድ መጽሐፍ ገዝቶ በተራ ማንበብም ያዋጣል።

«ሶፍት ኮፒውን ላክልኝ» የሚላችሁ ይኖራል። በቴሌግራም የሚዞረው አብዛኛው ፒዲኤፍ ያለ ደራሲው ፈቃድ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክለዋል። ከሕጉም በላይ፣ የመጀመሪያ መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ደራሲ ካልተሸጠለት ሁለተኛውን አይጽፍም። አዲስ መጽሐፍ እንወዳለን ካልን የሚጻፍበትን መንገድ መዝጋት የለብንም። የራሳችሁን ቅጂ አውሱት። በላስቲክ ሸፍናችሁት፣ በተለይ ክረምት ከሆነ።

8. ትምህርት ቤት ውስጥ ከሆናችሁ

የመጽሐፉን ጀርባ ብቻ የሚያሳይ መደርደሪያ ልጅን አይጠራም። አዲሶቹን ሽፋናቸው ፊት ለፊት እንዲታይ አድርጋችሁ በልጁ ቁመት ልክ አስቀምጡ። ተቆልፎ የተቀመጠ መጽሐፍ ይጠበቃል፣ ግን አይነበብም። አንድ ሁለት ቢቀደድ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ሚኒ ሚዲያውን ተጠቀሙበት። በእረፍት ሰዓት አንድ ተማሪ ከአዲስ መጽሐፍ ሁለት ደቂቃ ያንብብና በጣም በሚያጓጓው ቦታ ላይ ያቁም። ከዚያ «መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ» ይበል። አስተማሪ ከሚጠቁም ጓደኛ ቢጠቁም ይሻላል።

ልጆቹ ወደ መጽሐፉ መምጣት ካልቻሉ መጽሐፉ ይሂድ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከሌሎች ጋር ሆነው የመሠረቱት «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለው ድርጅት አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በኋላ ደግሞ ሐዋሳ አካባቢ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጽሐፍ ይዞ ሰፈር ለሰፈር ዞሯል። እኛ ጋሪው ባይኖረን በቅርጫት አሥር መጽሐፍ ይዞ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈር ውስጥ ጥላ ሥር መቀመጥ ይቻላል። ለዚህ ደግሞ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ያለውን የእረፍት ጊዜ የመሰለ የለም፤ ዝናቡ ሲመጣ በረንዳ ይበቃል።

9. ተመልሳችሁ ጠይቁ

ከሁለት ሳምንት በኋላ «ጨረስከው?» አትበሉ። ያልጨረሰ ሰው ያፍርና ይሸሻችኋል። «የት ደረስክ?» በሉት። ትቶት ከሆነ የተወበትን ገጽ ጠይቁና ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ብዙ ሰው አንድ ቦታ ላይ የሚተወው ከሆነ ለሚቀጥለው ሰው ቀድማችሁ ትነግሩታላችሁ፦ «ስልሳኛው ገጽ አካባቢ ትንሽ ይዘገያል፣ ከዚያ ይለቀዋል።» ሃምሳ ገጽ አንብቦ ያልተመቸውን መጽሐፍ መተው መብቱ መሆኑንም ንገሩት። ግዴታ የሆነበት ሰው ሌላ አይጠይቃችሁም።

ልጅ ከሆነ ታሪኩን እንዲተርክላችሁ ጠይቁት። ቢያሳስተውም አታርሙት። የትኛውን ክፍል አስረዝሞ እንደተናገረ አዳምጡ፤ የሚቀጥለው መጽሐፍ እዚያ ውስጥ ነው።

ጨርሶ የመለሰላችሁን ሰው ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ይህን ለማን ትሰጠዋለህ?» የሚጠራውን ስም መጽሐፉ ከተጻፈበት መስመር አጠገብ ጻፉ። ከዚያ መጽሐፉን አትቀበሉት፤ ራሱ ወስዶ ይስጥ።